ሃያ ዓመት የቆየ የአመጋገብ ሕመም እንዴት ይታከማል?

አኖሬክሲያ ነርቮሳ የሚባለው የአመጋገብ ሕመም ብዙውን ጊዜ በጉርምስና ዕድሜ ይጀምራል። ታማሚዋ የምትበላውን ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰች ትሄዳለች፤ ሰውነቷ መንምኖ አጥንቷ ሲታይ እንኳ መወፈርን ትፈራለች፣ ወይም መክሳቷ ያመጣባትን አደጋ አምና አትቀበልም። ሕመሙ ወንዶችንም ይይዛል፤ ከታማሚዎቹ የሚበዙት ግን ሴቶች ናቸው። ሕክምና በጊዜ ያገኙና ቤተሰብ የደገፋቸው ብዙ ወጣቶች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይድናሉ። የማይድኑም አሉ። እነዚህ በአሥራ አምስት ዓመታቸው የጀመራቸውን ሕመም ይዘው ሠላሳና አርባ ዓመት ይሞላቸዋል፤ ሆስፒታል ገብተው ይወጣሉ፣ ክብደት ጨምረው መልሰው ይቀንሳሉ፣ ሲሰለቻቸው ሐኪም ጋ መሄዱን ይተዉታል። በሙያው ጽሑፎች ሕመሙ ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ የተለመዱት ሕክምናዎችም ካልሠሩ፣ «ብርቱና ሥር የሰደደ» ይባላል። የሰባት ዓመቱ መስፈርት ባለሙያዎች የተስማሙበት ነገር ነው እንጂ በታማሚዋ ሰውነት ላይ የሚታይ ድንበር አይደለም፤ ስምንተኛው ዓመት ስለገባ ብቻ የሚዘጋ በር የለም።

ሕመሙን እንደ ራሱ የቻለ በሽታ የገለጹት ለንደን ውስጥ ዊልያም ገል፣ ፓሪስ ውስጥ ደግሞ ሻርል ላሴግ ሲሆኑ፣ ሁለቱም በአንድ ዓመት፣ በ1873 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ብዙ በልቶ በማስመለስ ወይም በሌላ መንገድ የማስወጣት ሕመም የሆነውን ቡሊሚያ ነርቮሳን እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ጄራልድ ራስል በ1979 ለይተው አወጡት። ራስን መቆጣጠር አቅቶ ከመጠን በላይ መብላት በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ የተመዘገበው ደግሞ በ2013 ነው። ሦስቱም ለዓመታት ሊቆዩ ይችላሉ። በሕክምናው ዘንድ ትልቁን ጭንቀትና ክርክር ያስነሳው ግን አኖሬክሲያ ነው፤ ምክንያቱም ይገድላል። በ2011 የታተመና በርካታ ጥናቶችን ያገናዘበ ስሌት እንዳሳየው አኖሬክሲያ ያለበት ሰው የመሞት ዕድሉ ከእኩዮቹ ስድስት እጥፍ ገደማ ነው። ከአምስት ሟቾች አንዱ የሞተው ራሱን በማጥፋት ነው። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ሕመሙ የሰውነት ብቻ እንዳልሆነ፣ ተስፋ ማጣትም የሕመሙ አካል እንደሆነ ይናገራል።

ለምን እንዲህ ሥር እንደሚሰድ ሳይገባ ሕክምናውን መረዳት አይቻልም። የመጀመሪያው ምክንያት ረኃቡ ራሱ ነው። በ1944 ማብቂያ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የሚባሉ ተመራማሪ ጦር ሜዳ ላለመዝመት ኅሊናቸው ያስገደዳቸውን 36 ጤነኛ ወጣቶች በፈቃዳቸው አስገብተው ለስድስት ወር ምግባቸውን ቀነሱባቸው። ዓላማው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በረኃብ ለተጎዳው ሕዝብ የሚሰጠውን እርዳታ ለማወቅ ነበር። ወጣቶቹ የክብደታቸውን ሩብ ያህል ሲያጡ ጠባያቸው ተለወጠ። ቀኑን ሙሉ የሚያስቡትም የሚያወሩትም ስለ ምግብ ሆነ። የምግብ አሠራር መጻሕፍት ይሰበስቡ ጀመር፤ ሳሕን ላይ ያለችውን ትንሽ ምግብ እየቆራረጡና እያቀላቀሉ አንዱን ማዕድ ለሁለት ሰዓት ያህል ይቆዩበታል፤ በመጨረሻ ሳሕኑን ይልሳሉ። በበጋ ይበርዳቸዋል። ከሰው ተለዩ፣ ተበሳጩ፣ ድብርት ያዛቸው። እነዚህ ሰዎች መክሳት አልፈለጉም፤ መወፈርንም አልፈሩም። ዛሬ አንዲት የአኖሬክሲያ ታማሚ ምግቧን ስትቆራርጥ፣ ለቤተሰብ እያበሰለች ራሷ ሳትቀምስ ስትቀር፣ ጓደኞቿን ስትሸሽ የሚታየው አብዛኛው ነገር የተራበ አእምሮ ሥራ መሆኑን ያ ሙከራ አሳይቷል። ረኃቡ በሕመሙ ይመጣል፤ ሕመሙም በረኃቡ ይጸናል።

ሁለተኛው ምክንያት ልማድ ነው። መጀመሪያ በጥረት የሚደረገው መከልከል ሲደጋገም ያለ ሐሳብ የሚደረግ ይሆናል። በ2015 ኒው ዮርክ ላይ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት ታማሚዎች ምግብ ሲመርጡ አእምሯቸውን በምስል ተከታትሎ፣ ከጤነኞች ይበልጥ በምርጫው የሚሳተፈው ልማድን የሚመራው ጥልቅ የአእምሮ ክፍል መሆኑን አገኘ። በዚህ ላይ የዘር ውርስ አለ። በ2019 የታተመ ሰፊ ጥናት 17 ሺሕ ገደማ ታማሚዎችን መርምሮ ከሕመሙ ጋር የሚያያዙ ስምንት የዘረ መል ቦታዎችን ለይቷል፤ ከእነሱም ውስጥ ሰውነት ምግብን ወደ ኃይል ከሚለውጥበት ሥርዓት ጋር የተሳሰሩ ምልክቶች ታይተዋል። «ፈልጋ ያመጣችው ነው፤ ብትበላ ይለቃታል» የሚለው የቤተሰብና የጎረቤት ፍርድ በእነዚህ ማስረጃዎች ፊት አይቆምም።

ሦስተኛው ለሥነ ልቦና ሕክምና ቅርብ የሆነው ነው። ከጊዜ በኋላ ሕመሙ ለታማሚዋ አንድ ነገር ይሠራላታል። ጭንቀቷን ያደነዝዝላታል፤ ሌላው ሁሉ ከእጇ ሲወጣ የምትቆጣጠረው አንድ ነገር ይሰጣታል። ለንደን ውስጥ ጃኔት ትሬዠርና ባልደረቦቻቸው ታማሚዎችን ሁለት ደብዳቤ እንዲጽፉ ይጠይቁ ነበር፤ አንዱ አኖሬክሲያን እንደ ወዳጅ፣ ሌላው እንደ ጠላት አድርጎ። ጠላት ለሆነው ጤናን፣ ወዳጅነትን፣ የባከኑ ዓመታትን ይጽፉለታል። ለወዳጁ ደግሞ እንደሚጠብቃቸው፣ እንደማይከዳቸው፣ ልዩ እንደሚያደርጋቸው ይጽፋሉ። ሐኪሙ የጠላትን ደብዳቤ ብቻ ይዞ ከገባ ታማሚዋ አብራው አትሄድም። በሃያኛው ዓመት ላይ ያለች ሴት ሕመሙን ተዪው ስትባል የምትሰማው ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀውን ማንነት ተዪው ተብሎ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደምትሆን አታውቅም።

የቀድሞው ሕክምና ይህን ብዙ አላሰበበትም። ዋናው ሥራ ክብደት ማስጨመር ነበር። በሆስፒታል አልጋ ላይ፣ በክትትልና በቅጣት ጭምር፣ ክብደቱ ሲጨምር ታማሚዋ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ በወራት ውስጥም የጨመረችውን ታጣለች። የመጣ ክብደት ሕይወት እንደሚያድን አያጠራጥርም። ነገር ግን በዚህ መንገድ ሦስትና አራት ጊዜ ያለፈች ሴት ሕክምናን የምታስታውሰው እንደ ሽንፈት ነው፤ አምስተኛውን ጊዜ ትሸሻለች። በአዋቂዎች ላይ በተደረጉ አንዳንድ የሕክምና ሙከራዎች ከተሳታፊዎቹ ግማሽ ያህሉ ሳይጨርሱ ሄደዋል። ሰው ያልቆየበት ሕክምና የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን የሚለካ ውጤት አይኖረውም።

ለወጣቶች መልሱ ቀድሞ ተገኘ። ለንደን በሚገኘው ሞድስሊ ሆስፒታል 80 ታማሚዎች የተሳተፉበትና በ1987 የታተመ ጥናት፣ ሕመሙ ከ19 ዓመታቸው በፊት የጀመራቸውና ከሦስት ዓመት ያልበለጠባቸው ልጆች ወላጆቻቸው ምግቡን በኃላፊነት ሲያበሉ በተሻለ እንደሚድኑ አሳየ። ከዚያ ወዲህ ለልጆችና ለወጣቶች በቤተሰብ ላይ የተመሠረተው ሕክምና ቀዳሚ ሆነ። ሕመሙ ለቆየባቸው ግን ያው ጥናት ይህን ብልጫ አላሳየም። የሠላሳ አምስት ዓመት ሴት እናቷ ፊት ተቀምጣ ሳሕኗን እንድትጨርስ ማድረግ ሌላ ነገር ነው።

ለአዋቂዎች የመጣው ለውጥ ከማይጠበቅበት ቦታ ተነሣ። በኒው ዚላንድ ክራይስትቸርች ከተማ ቨርጂኒያ ማኪንቶሽና ባልደረቦቿ 56 ሴቶችን በዕጣ በሦስት ከፍለው፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ክፍለ ጊዜ እንዲታከሙ አደረጉ። ሁለቱ ታዋቂ ሕክምናዎች ነበሩ፤ አንደኛው የተዛባ አስተሳሰብንና ከእሱ የሚመነጨውን ባሕርይ የሚያርመው ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ፣ ሁለተኛው ከሰው ጋር ባለ ግንኙነት ላይ የሚያተኩረው። ሦስተኛው ለማነጻጸሪያ ብቻ የተዘጋጀ ነበር፤ አንድ ጥሩ ሐኪም በተለመደው ሥራው የሚያደርገውን፣ ማለትም ክብደት መከታተል፣ ስለ አመጋገብ መምከር፣ ማበረታታትና ማዳመጥ፣ በሥርዓት ያስቀመጠ። በ2005 ውጤቱ ሲታተም የተሻለው ይህ ሦስተኛው ሆኖ ተገኘ። ከስድስት ዓመት በላይ ቆይቶ በተደረገው ክትትል በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት ጠፍቷልና ማንም አሸነፈ ለማለት አይቻልም። ሆኖም ለማነጻጸሪያ የተቀመጠው ነገር ራሱ የድጋፍ ሕክምና ተብሎ ስም አገኘ፤ ዛሬ በእንግሊዝ ብሔራዊ የሕክምና መመሪያ ውስጥ ለአዋቂ ታማሚዎች ከሚቀርቡት ሦስት አማራጮች አንዱ ነው።

ለቆየ ሕመም በተለይ የታሰበው የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ በ2013 ታተመ። ስቲቨን ቱይዝና ባልደረቦቻቸው በሲድኒና በለንደን፣ ሕመሙ ቢያንስ ሰባት ዓመት የቆየባቸውን 63 ሴቶች መረጡ። በአማካይ ሲሰላ ሕመሙ ከ16 ዓመት በላይ አብሯቸው ኖሯል። ግማሾቹ ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒን፣ ግማሾቹ ከክራይስትቸርች የመጣውን የድጋፍ ሕክምና፣ ለእነሱ እንዲስማማ ተስተካክሎ፣ በስምንት ወር ውስጥ 30 ክፍለ ጊዜ ወሰዱ። አዲሱ ነገር ግቡ ነበር። ክብደት መጨመር ዋናው መለኪያ መሆኑ ቀረ። በመጀመሪያ የተለካው የኑሯቸው ጥራት፣ ድብርታቸውና ከሰው ጋር ያላቸው ኑሮ ነው። በትንሽ በትንሹ የተሻለ መብላት ይበረታታል፤ ታማሚዋ ግን ክብደት ካልጨመርሽ አናክምሽም አትባልም።

የድጋፍ ሕክምናው በተግባር እንዲህ ይመስላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ታማሚዋና ባለሙያው አብረው ተቀምጠው የሚያስጨንቋትን ምልክቶች ይጽፋሉ፤ ቁርስ መዝለል፣ ከምግብ በኋላ ለሰዓት መራመድ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የማይለቅ ብርድ፣ በሥራ ቦታ ምሳ ሰዓት ሲደርስ መደበቅ። ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ቀጠሮ በሚዛን ይጀመራል። ቁጥሩ ይጻፋል፤ ንዴትም ሙገሳም አይጨመርበትም። ዝርዝሩ ይታያል፤ በዚህ ሳምንት የተለወጠ አለ? ቁርሷን ሁለት ቀን በልታ ከሆነ ሦስተኛውን ቀን ምን እንደከለከላት ይነጋገራሉ። የቀረውን ጊዜ የምትመራው ታማሚዋ ናት። ስለ እኅቷ ሠርግ ማውራት ትችላለች፤ በሠርጉ ላይ ምን እንደምትለብስ፣ ዘመድ ስለ ክሳቷ ሲጠይቃት ምን እንደምትመልስ፣ ማዕድ ሲቀርብ የት እንደምትቀመጥ። ስለ ሕመሙ የተነሣ ነገር ካለ ባለሙያው ወደ ዝርዝሩ ያዛምደዋል፤ ካልተነሣ አያስገድድም። ለሃያ ዓመት በሚዛን ቁጥር ስትገመገም የኖረች ሴት፣ ክብደቷን አይቶ ወደ ሕይወቷ የሚዞር ሰው ስታገኝ ትመለሳለች።

ተመልሰውም ነበር። ዕድሜያቸው በአማካይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከሆነው፣ ሆስፒታል ከሰለቻቸው ከእነዚህ ሴቶች ከአሥሩ ከስምንት በላይ የሚሆኑት ሕክምናውን ጨረሱ። በሁለቱም ወገን ኑሯቸው ተሻሻለ፣ ድብርታቸው ቀለለ። ሕክምናው ሲያልቅ በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም፤ በክትትሉ ግን ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ የወሰዱት በስድስተኛው ወር በማኅበራዊ ኑሯቸው፣ በአሥራ ሁለተኛው ወር ደግሞ በአመጋገብ ሕመሙ ምልክቶች የተሻሉ ነበሩ። የዚህ ጥናት ትልቁ ፍሬ የትኛው ሕክምና በለጠ የሚለው አይደለም። «ለውጥ አይፈልጉም፣ አይታከሙም» ተብለው የተተዉ ሰዎች የሚቆዩበት ሕክምና ሲሰጣቸው መቆየታቸው ነው።

የክብደት ግብ ወደ ኋላ ተደረገ ማለት ሰውነቱ ተረሳ ማለት አይደለም። ይህ ነጥብ ሲሳት ሰው ይሞታል። ለዓመታት የተራበ ሰውነት አጥንቱ ይሳሳል፤ በአርባ ዓመቷ የሰባ ዓመት ሴት አጥንት የያዘች ታማሚ ትንሽ ስትወድቅ ትሰበራለች። የሚያስመልሱት በደማቸው ያለው ፖታሲየም ሲወርድ የልብ ምታቸው ይዛባል፤ ያለ ምልክትም ሊቆም ይችላል። ረኃብ የለመደ ሰው በድንገት ብዙ ሲመገብ ደግሞ በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌት አሽቆልቁሎ ሌላ አደጋ ይመጣል፤ ከጦርነት ምርኮ የወጡ ሰዎች ላይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በግልጽ ታይቷል። ስለዚህ የሥነ ልቦና ባለሙያው ብቻውን አይሠራም። ደም የሚመረምር፣ ልብ የሚያይ ሐኪምና የሥነ ምግብ ባለሙያ አብረውት ይቆማሉ፤ ከየትኛው መስመር ሲወረድ ሆስፒታል እንደሚገባም ታማሚዋ ደኅና ሆና ሳለች ተስማምተው ይጽፉታል። አእምሮ ሲራብ መወሰን ይከብደዋል፤ ውሳኔው ቀድሞ ቢደረግ ይሻላል።

ሌሎችም መንገዶች አሉ። የኦክስፎርዱ ክሪስቶፈር ፌርበርን የቀረጹት የተሻሻለ ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ ክብደታቸው ላልወረደ 20፣ ለወረደ 40 ገደማ ክፍለ ጊዜ አለው፤ ለሁሉም ዓይነት የአመጋገብ ሕመም ይሠራበታል። ትሬዠርና ኡልሪከ ሽሚት በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ያዘጋጁት ማንትራ የተባለው ደግሞ ከደብዳቤዎቹ ጀምሮ ሕመሙን የሚያጸኑትን ነገሮች አንድ በአንድ ይፈታል፤ ግትር አስተሳሰብን፣ የታፈነ ስሜትን፣ ቤተሰብ ሳያውቅ ሕመሙን ማገዙን። አእምሮን በትናንሽ ጨዋታዎች ከግትርነት የሚያላቅቅ ሕክምናም አለ፤ ስለ ምግብ ምንም ስለማያነሣ ብዙ ለፈሩት መግቢያ ይሆናል። መድኃኒት ብዙ አይረዳም። ፍሉኦክሰቲን ለቡሊሚያ ይጠቅማል፤ በአኖሬክሲያ ግን ክብደታቸው የተመለሰላቸው ታማሚዎች ሕመሙ እንዳያገረሽባቸው አለመከላከሉን በ2006 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ለቡሊሚያና ከመጠን በላይ ለመብላት ሕመም የንግግር ሕክምናው ውጤት ከአኖሬክሲያው የተሻለ ነው፤ ለዓመታት የቆየባቸውም ቢሆኑ ለመጀመር አይረፍድባቸውም።

በቅርብ ዓመታት የተነሣው ከባድ ክርክር ተስፋን የሚመለከት ነው። በ2022 ከአሜሪካዋ ኮሎራዶ የመጡ ሐኪሞች ሦስት ታማሚዎችን ጠቅሰው፣ አንዳንድ የቆየ አኖሬክሲያ «የመጨረሻ ደረጃ» ተብሎ ሊታይና ታማሚዋ ፈውስ ከመፈለግ ይልቅ ሰላማዊ ሞትን የሚያግዝ እንክብካቤ ልታገኝ እንደምትችል ጻፉ። ሐሳባቸው ከርኅራኄ እንደመነጨ ጽሑፉን ያነበበ አይክድም። ነገር ግን ብዙ ባለሙያዎችና ከሕመሙ የዳኑ ሰዎች በብርቱ ተቃወሙት። ተቃውሞው ትክክል ነው። ካንሰር መጨረሻ ደረጃ ላይ ሲደርስ በሰውነቱ ውስጥ ይታያል፤ አኖሬክሲያ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ በምግብ የሚቀለበስ ጉዳት ብዙ አለው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተስፋ መቁረጥ የተራበ አእምሮ ምልክት ስለሆነ፣ «በቃኝ» የሚለው ቃል የታማሚዋ ይሁን የረኃቡ ለመለየት እጅግ ይከብዳል።

የረጅም ጊዜ ክትትል የሚናገረውም ይህንኑ ነው። ቦስተን በሚገኘው ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ከ1987 እስከ 1991 ባሉት ዓመታት አኖሬክሲያ ወይም ቡሊሚያ ያለባቸው 246 ሴቶች ለጥናት ተመዘገቡ። በዘጠነኛው ዓመት ከአኖሬክሲያ የዳኑት 31 ከመቶ ብቻ ነበሩ። እዚያ ላይ ጥናቱ ቢቆም ኖሮ ከሦስት ሁለቱ የማይድኑ ተብለው ይመዘገቡ ነበር። አጥኚዎቹ ግን አልተዉአቸውም፤ ከ22 ዓመት ገደማ በኋላ ፈልገው ሲያነጋግሯቸው 63 ከመቶ ያህሉ ድነዋል። በዘጠነኛው ዓመት ካልዳኑት ውስጥ ግማሽ ያህሉ በሁለተኛው አሥር ዓመት ዳኑ ማለት ነው። ከአውስትራሊያ በ2020 የወጣ የብዙ ጥናቶች ግምገማም ሕመሙ የቆየበት ዘመን ርዝመት ሕክምናው ይሠራል አይሠራም የሚለውን እንደማይወስን አረጋግጧል። ፐርዝ ከተማ ውስጥ በ134 ተመላላሽ ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት እንዲሁ ብሏል። «ብርቱና ሥር የሰደደ» የሚለው ስያሜ ለታማሚዋ የሚስማማ ሕክምና ለመምረጥ ካገለገለ ጥሩ ነው። ሐኪሙ ከእሷ ትንሽ እንዲጠብቅ ካደረገው ግን ጉዳቱ ይበልጣል፤ ለሙሉ ፈውስ የሚደረገውን ሙከራ ከጠረጴዛው ላይ ማንሳት የሚችል ዕድሜም ሆነ ዓመት የለም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቤተሰብ ከጎን ነው። ልጃቸው በፊታቸው ስትመነምን ያዩ ወላጆች «አፈር ስሆንልሽ አንዴ ቅመሺ» ብለው ይለምናሉ፤ ሳይሆን ሲቀር ይቆጣሉ፤ ሲደክማቸው የጠየቀችውን ብቻ እየገዙ፣ በመረጠችው ሰዓት እያቀረቡ፣ ሕመሙ በቤቱ ውስጥ እንዲገዛ ይፈቅዳሉ። ሦስቱም ከፍቅር የመጡ ናቸው፤ ሦስቱም ሕመሙን ያጸናሉ። ትሬዠር ለአስታማሚዎች በምትሰጠው ሥልጠና ልጁን በኪሱ የሚደብቀውን ካንጋሩ፣ ሁሉን በኃይል የሚገጨውን አውራሪስና ከጎን ሆኖ እየዋኘ መንገድ የሚያሳየውን ዶልፊን ታነሣለች፤ ወላጅ ከሁለቱ ወጥቶ ሦስተኛውን እንዲለምድ። ታማሚዋ የአርባ ዓመት ሴት ስትሆን ደግሞ አስታማሚዎቹ ባልና ልጆች ይሆናሉ፤ ወላጆቿም አርጅተዋል። ለእነሱ የሚሰጥ ምክር የሕክምናው ጭማሪ ሳይሆን አንድ ክፍሉ ነው።

የሕመሙ መልክ ከአገር አገር ይለያያል። ሲንግ ሊ የተባሉ ሐኪም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሆንግ ኮንግ ላይ ካዩአቸው ታማሚዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መወፈርን እንደማይፈሩ፣ «ሆዴ ይነፋል»፣ «አያሰኘኝም» የሚል ምክንያት እንደሚሰጡ ጻፉ። በ2004 የታተመ ጥናት ደግሞ በሰሜን ምሥራቅ ጋና 668 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጃገረዶችን መርምሮ፣ ራሳቸውን በማስራብ ብቻ ከስተው የተገኙትን አሥሩን ለየ። አንዳቸውም ስለ ቅርጽ አላወሩም። ስለ ጾም፣ ራስን ስለ መግዛትና ስለ ንጽሕና ነበር የሚያወሩት።

ይህ ለኢትዮጵያ አንባቢ ቅርብ ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ሊጾም ይችላል፤ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እህል ሳይቀምስ የሚውል ብዙ ነው፤ ሙስሊሙ ረመዳንን ይጾማል። ጾም ሕመም አይደለም፤ በማኅበር ተጀምሮ በማኅበር ይፈታል። ነገር ግን በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ያለች አንዲት ወጣት ሕመሟን በጾም ውስጥ ልትሸሽገው ትችላለች፤ ማንም አይጠይቃትም፣ እንዲያውም ትመሰገናለች። ሐኪሙ ሊጠይቅ የሚገባው ስለ ጾሙ ቀን ሳይሆን ስለ ፍስኩ ነው። የጾመ ሰው የፋሲካውን ዶሮ ወጥ ይናፍቃል፤ የታመመችው ፋሲካ በቀረበ ቁጥር ትጨነቃለች፤ ጾሙ ሲያልቅ ሌላ የግል ጾም ትጀምራለች፤ ከቤተሰቡ ጋር ከገበታ ላለመቅረብ ምክንያት ትፈልጋለች፤ ጉርሻ ሲዘረጋላት ፊቷ ይለወጣል። ሁለቱም ሃይማኖቶች ሕመምተኛን ከጾም ያሳርፋሉ። ስለዚህ የንስሐ አባት ወይም ሼኽ «አንቺ ታመሻልና ብዪ» ሲል ቃሉ ከሐኪሙ የበለጠ የሚሰማበት ጊዜ አለ፤ ባለሙያው ከእነሱ ጋር ለመነጋገር የታማሚዋን ፈቃድ ቢጠይቅ ሥራው ይቀላል።

ለአመጋገብ ሕመም ብቻ የሠለጠነ ባለሙያ በማይገኝበት አገር የክራይስትቸርቹ መንገድ ልዩ ዋጋ አለው። በኢትዮጵያ የአእምሮ ሐኪሞች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም በአዲስ አበባ ይገኛሉ። የድጋፍ ሕክምናው የሚጠይቀው ግን ሚዛን፣ የደም ምርመራ፣ አብሮ የተጻፈ የምልክቶች ዝርዝርና በየሳምንቱ ሳይሰለች የሚቀመጥ፣ ከሕመሙ ጋር የተዋወቀ ነርስ ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። ሕክምናው ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ቀጠሮዎቹ ይራራቃሉ፤ በሳምንት የነበረው በሁለት ሳምንት፣ ከዚያም በወር ይሆናል። በመጨረሻዎቹ ቀናት ታማሚዋና ባለሙያው የማገርሸት ምልክቶችን ይጽፋሉ፤ ቁርስ መቅረት ሲጀምር፣ እርምጃው ሲረዝም፣ ሚዛኑ ከተስማሙበት ቁጥር በታች ሲወርድ ለማን እንደሚደወል። አንዱ ቅጂ በእሷ እጅ፣ ሌላው በመዝገቧ ውስጥ፣ ሦስተኛው እሷ በመረጠችው አንድ የቤተሰብ ሰው ዘንድ ይቀመጣል።